የተዳፈነ እሳት፦ ጨዋታን ወደ አፕ ስለማስገባት

ጤና ይስጥልኝ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ የመጀመሪያ አፓችሁን እየሠራችሁ ያላችሁ ወጣቶች እንደሆናችሁ ነግረውኛል። የተሰጠኝ ርዕስ "ጌሚፊኬሽን ተጠቃሚን እንዴት ያቆያል?" የሚል ነው፤ የጨዋታን ዘዴ ከጨዋታ ውጭ ስለመጠቀም ማለት ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከቤቴ ልጀምር።

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። እኛ ጋ ነው የምትኖረው። ዱኦሊንጎ በሚባል የቋንቋ መማሪያ አፕ ላይ ፈረንሳይኛ ትማራለች። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩም አብሮ ሄዷል። ለሌሊቱ 6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የመኝታ ቤቴ በር ተንኳኳ። "አጎቴ፣ ተኝተሃል? ሆትስፖት ክፈትልኝ፤ እሳቴ ሊጠፋብኝ ነው!" አለችኝ። ድምጿ የእውነት ይንቀጠቀጣል። እሳቴ የምትለው አፑ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ የእሳት ምልክት ነው። ለ140 ቀን ሳታቋርጥ ተምራለች። 6 ሰዓት ከሆነ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል።

ከፈትኩላት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ድሮ የጨረሰችውን፣ በጣም ቀላሉን ትምህርት መርጣ በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው። ቁጥሩ 141 ሆነ። "ተመስገን" ብላ ሄዳ ተኛች።

በማግስቱ ቁርስ ላይ "ማታ ምን ተማርሽ?" አልኳት። "ምንም" አለችኝ። "ግን እሳቱ አልጠፋም።"

ዛሬ የምናገረው ሁሉ እዚህ መልስ ውስጥ አለ። በአንድ በኩል እዩት፦ ማንም ሳያዛት፣ መምህር ሳይቆጣት፣ አንዲት ልጅ በእኩለ ሌሊት ለትምህርት ብላ ተነሣች። ይህን ያደረገ አፕ ትልቅ ኃይል ይዟል። በሌላ በኩል ደግሞ እዩት፦ ምንም አልተማረችም። እሳቱን ጠበቀች እንጂ ፈረንሳይኛውን አልጠበቀችም። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ የእኛ የሥራ ቦታ ነው።

ጌሚፊኬሽን የሚለውን ቃል የፈጠረው ኒክ ፔሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ፕሮግራመር ነው ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002። በሰው አፍ የገባው ግን ወደ 2010 ገደማ ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው። ከጨዋታ ነጥቡን፣ ደረጃውን፣ ሜዳሊያውን፣ ውድድሩን ወስዶ ጨዋታ ላልሆነ ነገር መጠቀም ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ ያልተጫወተ አለ? መሬት ላይ በእንጨት ሳጥን ሳጥን ትሥላላችሁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ትወረውራላችሁ። በአንድ እግር ትዘላላችሁ። መስመር ከረገጣችሁ ተራው የሌላ ነው። ሰኞን ሳይጨርሱ ማክሰኞ የለም። ማንም ዲዛይነር አልሠራውም፤ ግን በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየከበደ ይሄዳል። ልጅ ሆነን እናታችን ለእራት ስትጠራን "አንዴ ብቻ!" ያልነው ለዚህ ነው።

ከዚያ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ዕቁብ ነው። ስለ ዕቁብ እንደ ዲዛይነር አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ገንዘብ መቆጠብ አሰልቺ ነው። ቤት ውስጥ ፍራሽ ሥር ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን አንቆይበትም። ዕቁብ ላይ ግን በየሳምንቱ ሰው ራሱ እየሮጠ ይመጣል። ለምን? ዕጣ አለ። የዛሬው የማን ይሆን የሚል ልብ ምት አለ። ስሙ ሲነሣ እልልታ አለ፣ ሳቅ አለ፣ ምርቃት አለ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ። ያረፈደ ይቀጣል። ልብ በሉ፦ ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደምትወስዱ እንጂ ትወስዱ እንደሆነ አይደለም። ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ ያስገባውን ያገኛል። ጉጉቱ ቁጠባው ላይ ተደርቧል እንጂ ቁጠባውን አልተካውም። ደግሞ አንዱ ሠርግ ካለበት ወይም ሐዘን ከደረሰበት፣ ዕጣ የወጣለት ሰው "አንተ ውሰድ፣ እኔ እቆያለሁ" ብሎ ይለቅለታል። ሕጉ ውስጥ ምሕረት አለ። ይህን "ምሕረት" የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አፖቹ።

ዱኦሊንጎን ደጋግሜ የማነሣው ከሁሉም ስለሚሻል አይደለም። የሠሩት ሰዎች ስኬታቸውን ብቻ ሳይሆን ስህተታቸውንም በግልጽ ስለተናገሩ ነው። ጓቲማላ ተወልዶ ያደገው ሉዊስ ፎን አን እና ሴቨሪን ሃከር ናቸው የመሠረቱት፤ ፒትስበርግ፣ አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕድገቱ ቀዘቀዘ። ያኔ የፕሮዳክት ኃላፊ የነበረው ሆርሄ ማዛል የሆነውን በኋላ ጽፎታል።

ቡድኑ መጀመሪያ ያደረገው እኛም የምናደርገውን ነው። ሰዉ የሚወደውን ጨዋታ አየ። ጋርደንስኬፕስ የሚባል፣ ተመሳሳይ ፍራፍሬ እያገጣጠሙ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። እዚያ ውስጥ "ይህን ያህል እንቅስቃሴ ቀርቶሃል" የሚል ቆጣሪ አለ። ቆጣሪው ሲያንስ ልብ ይመታል። እንውሰደው አሉ። ወሰዱት፤ የቋንቋ ትምህርቱ ላይ አስገቡት። ወራት ሠሩበት።

ውጤቱ? ምንም። አልጎዳም፣ አልጠቀመም። ሰዉ ልብም አላለው።

ምክንያቱ ሲገለጥ በጣም ቀላል ነው። ጋርደንስኬፕስ ላይ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ምርጫ ነው። ይህን ላንሣ ወይስ ያንን? ቆጣሪው ምርጫችሁን ውድ ያደርገዋል። የቋንቋ ትምህርት ላይ ግን ምርጫ የለም። ቃሉን ታውቁታላችሁ ወይም አታውቁትም። ቆጣሪው የሚቆጥረው ነገር አልነበረም። የሌላ ቤት ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ደህና ነው፣ በራቸውን ግን አይከፍትም።

ቀጥለው ከታክሲ መጥሪያው አፕ ከኡበር ኮረጁ። ጓደኛህን ጋብዝ፣ የአንድ ወር የሚከፈልበት አገልግሎት በነጻ ውሰድ አሉ። አዲስ ተጠቃሚ የጨመረው በ3 በመቶ ብቻ ነው። ለምን ቢሉ፣ አፑን በጣም የሚወዱት፣ ሰው የሚጋብዙት ሰዎች፣ አብዛኞቹ አስቀድመው ከፍለው ነበር። ላለው ሰው ያለውን ነገር ሸለሙት።

ሦስተኛው ሠራ። ማዛል ከዚያ በፊት የጨዋታ ኩባንያ ውስጥ ሠርቷል፤ ፋርምቪል 2 የሚባለውን የእርሻ ጨዋታ የውድድር ሰንጠረዥ ያውቀዋል። ከዚያ የወሰደው ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሳይሆን ጥረቱ ከሚመሳሰል ሰው ጋር ሲወዳደር ይበልጥ ይነቃቃል። ስለዚህ ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከፈሏቸው፤ አንድ ቡድን 30 ሰው፣ ለአንድ ሳምንት። ከላይ ያሉት ወደሚቀጥለው ሊግ ያልፋሉ፣ ከታች ያሉት ይወርዳሉ። ከነሐስ እስከ አልማዝ። ሰዉ በጠቅላላው የሚማርበት ጊዜ በ17 በመቶ ጨመረ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሦስቱም ኩረጃ ናቸው። ሁለቱ ወደቁ፣ አንዱ ቆመ። የወደቁት መጥፎ ሐሳብ ስለሆኑ አይደለም፤ በመጡበት ቤት ለምን እንደሠሩ ማንም ስላልጠየቀ ነው። ማዛልም የደረሰበት ይኸው ነው። ከሌላ ስንወስድ፣ እዚያ ለምን ሠራ? እኛ ጋ ሊሠራ ወይም ሊወድቅ የሚችለው ለምንድን ነው? ምኑን ማስተካከል አለብን? ይህን ሳትመልሱ ባጅ፣ ማለትም የሽልማት ምልክት፣ አትሥሩ። እለምናችኋለሁ።

አሁን ደግሞ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የመለማመጃ አፕ የሚሠራ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። የነጥቡን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለተመለሰ ጥያቄ ሁሉ 10 ነጥብ። ትክክልም ይሁን ስህተት። ልጆቹን ማበረታታት ነው ብዬ አሰብኩ። በየሳምንቱ አንደኛ የሚወጡትን ስም ፊት ለፊት እናወጣለን።

ግራፉ ወደ ላይ ወጣ። ደስ አለን። አንድ ቀን ማታ አንደኛ የወጣውን ልጅ መዝገብ ከፈትኩት፤ ጎበዝ ተማሪ እንዴት እንደሚያጠና ላይ ብዬ። የመጀመሪያው መልስ ሀ ነው። ሁለተኛው ሀ። ሦስተኛው ሀ። ወደ ታች ወረድኩ፤ ሀ፣ ሀ፣ ሀ፣ ሀ። በየጥያቄው መሃል ሁለት ሰከንድ እንኳ የለም። ልጁ ጥያቄውን አላነበበም። ጣቱን አንድ ቦታ አድርጎ ይጫናል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ገባኝ። ልጁ አላጭበረበረም። የከፈልነውን ሥራ ሠራልን። እኛ ለመጫን ከፈልን፤ ተጫነ።

ያን ማታ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ወደ ታች፣ ወደ ሰንጠረዡ ግርጌ ሄድኩ። አንዲት ልጅ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ቆይታለች። ተሳስታለች። በነጋታው ተመልሳ እሱኑ ጥያቄ ሠርታዋለች። እንደገና ተሳስታለች። በሦስተኛው ቀን አገኘችው። ይህ ነው ትምህርት! አፑን የሠራነው ለዚህች ልጅ ነበር። የእኔ ሰንጠረዥ ግን ሰነፍ ናት ብሎ ከግርጌ አስቀምጧታል። እሷም ያንን ስሟን በየቀኑ ታየዋለች።

ሕጉን ቀየርነው። ነጥብ የሚገኘው ተሳስታችሁበት የነበረውን ጥያቄ፣ ሦስት ቀን ቆይታችሁ ስትመልሱት ሆነ። ሰው አፑ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ወዲያው ቀነሰ። አለቆቻችን ደነገጡ፤ ስብሰባ ተጠራ። ሁለት ሳምንት ያህል ተከራከርን። ኋላ ተማሪዎች መጻፍ ጀመሩ። አንዱ "ያቃተኝ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ቦታ መጣልኝ" ብሎ ጻፈ። ያንን መልእክት ፕሪንት አድርጌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ይህ የነጥብ ጉዳት አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሦስት ተመራማሪዎች፣ ሌፐር፣ ግሪን እና ኒስቤት፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መሣል የሚወዱ ልጆችን አጠኑ። ለአንዳንዶቹ "ከሣላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለው ሰርተፊኬት ትሸለማላችሁ" አሏቸው። ሣሉ፣ ተሸለሙ። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሽልማት በሌለበት፣ እነዚህ ልጆች ለመሣል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆነ። ሽልማት ያልተነገራቸውም ያልተሰጣቸውም ልጆች እንደድሮው ሥዕላቸውን ቀጠሉ። ሌላም ቡድን ነበር፤ ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙ። እነሱም ፍቅራቸው አልቀነሰም። ጉዳቱ ያለው ሽልማቱ ውስጥ አልነበረም። "የምትሥለው ለዚህ ነው" ብሎ አስቀድሞ መንገሩ ላይ ነው።

ታዲያ ነጥብ ሁሉ ይቅር? አይደለም። ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበትን ድረ ገጽ፣ ስታክ ኦቨርፍሎውን፣ የማይጠቀም ፕሮግራመር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለ። እዚያ ነጥብ የሚሰጣችሁ መልሳችሁ የጠቀመው ሌላ ሰው ነው። 15 ነጥብ ሲኖራችሁ የሌላውን መልስ ወደ ላይ መግፋት ትችላላችሁ። 50 ሲሞላ የትም ቦታ አስተያየት መስጠት። 2000 ሲሆን የሌላውን ጽሑፍ ያለማንም ፈቃድ ማረም። አያችሁ? ነጥቡ ጌጥ አይደለም፤ ኃላፊነት ነው። ዕድር ውስጥ ታማኝነቱ የታየ ሰው ገንዘብ ያዥ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ፎርስኩዌር የሚባለው አፕ ደግሞ በተቃራኒው። እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ካፌ ስትገቡ "እዚህ ነኝ" ትላላችሁ፤ ቦታውን ከሁሉ በላይ የጎበኘ የካፌው "ከንቲባ" ይሆናል። ዓለም ጉድ አለ። ግን ከንቲባ ከሆናችሁ በኋላስ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2014፣ ኩባንያው ያንን ክፍል ነጥሎ ስዋርም ወደተባለ ሌላ አፕ አዛወረው። ሰው ካፌ የሚሄደው ቡና ሊጠጣና ወዳጅ ሊያገኝ ነው፤ ሹመቱ ቡናውን አላጣፈጠውም።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ላንሣ፤ ነገ ጠዋት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ኑኔስ እና ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ የመኪና እጥበት ቤት 300 ካርድ አደሉ። ግማሹ ላይ 8 ማኅተም ሲሞላ አንድ እጥበት በነጻ ይላል። ግማሹ ላይ 10 ማኅተም ይላል፤ ግን ሁለቱ አስቀድመው ተመትተዋል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጋ የቀረው 8 ነው። ባዶውን ካርድ ከወሰዱት 19 በመቶ ጨረሱ። የተጀመረውን ከወሰዱት 34 በመቶ። ሰው የተጀመረ ነገር መተው ይከብደዋል። ስለዚህ አዲስ ተጠቃሚን ባዶ ገጽ አታሳዩት። ስሙን ሲያስገባ አንድ እርምጃ ተራምዷል፤ ያንን ቁጠሩለት። ግን እውነተኛ እርምጃ ይሁን።

አሁን ወደ እሳቱ ልመለስ።

አያቴ ገጠር ነው የኖረችው። ክብሪት እንደዛሬው አይባክንም ነበር። ማታ ሁሉ ከተኛ በኋላ ምድጃው ላይ የቀረውን ፍም ሰብስባ በአመድ ትዳፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ ታደርገዋለች። ቀይ ነገር ብልጭ ይላል። ጭራሮ ጣል አድርጋ እፍ ስትል እሳቱ ይያያዛል። አንዳንዴ ግን ፍሙ አመድ ሆኖ ያድራል። ያኔ አያቴ አታለቅስም። "ሂድ፣ ከነ እገሌ ቤት እሳት ጭረህ ና" ትለኛለች። ገል ይዤ እሮጣለሁ። ጎረቤት ፍም ያወጣልኛል፤ ይዤ እመለሳለሁ። ምድጃችን እንደገና ይነዳል። እሳቱ ጠፋ ብሎ ቤቱን የሚለቅ ሰው አልነበረም።

ስትሪክ፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚቆጠር የቀን ቁጥር፣ ስትሠሩ ይህን አስቡ። ዱኦሊንጎ ራሱ የደረሰበት ነገር አለ። 10 ቀን ያህል ያላቋረጠ ተማሪ ትቶ የመሄድ ዕድሉ በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ እሳቱ ይጠቅማል። ግን ቁጥሩ በረዘመ መጠን የመጥፋቱ ሕመም ይበልጣል። 140 ቀን የገነቡት ነገር በአንድ ሌሊት ዜሮ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ከ1 አይጀምርም። አፑን ያጠፋዋል። ለዚህ ነው እነሱም "ማቀዝቀዣ" የሚሉትን የሠሩት፤ አንድ ቀን ቢያመልጥህ ስትሪክህ ይጠበቅልሃል። አያቴ የምታውቀው መዳፈን ነው።

እኛ አገር ደግሞ መዳፈኑ የግድ ነው። መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይቆራረጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት እንደተቋረጠ ታስታውሳላችሁ። በብሔራዊ ፈተና ሰሞን የተቋረጠባቸውም ዓመታት ነበሩ። ልጁ አጥፍቶ ሳይሆን መስመሩ ጠፍቶ ነው። ላላጠፋው ጥፋት ቁጥሩን ዜሮ የሚያደርግ አፕ ልጁን ይበድለዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ። ስልኩ ላይ የተሠራው ይመዝገብ፤ መስመር ሲመጣ ይላክ፤ በተሠራበት ቀን ይቆጠር።

ቀኑንም አስቡት። አፖቹ ቀን የሚቀይሩት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ግን ቀን የሚጀምረው ከንጋት ነው። የሚያጠና ተማሪ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መጽሐፉን ሲከድን "ዛሬ አጠናሁ" ነው የሚለው፤ ነገ አላለም። የቀኑን ድንበር ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብታደርጉት ምን ይጎድላል? አንድ መስመር ኮድ ነው። የእህቴ ልጅም በጨለማ በር አታንኳኳም ነበር።

ጎረቤት ሄዶ መጫሩንም አትርሱት። ስትሪኩ የጠፋበትን ልጅ ገንዘብ ከፍለህ መልስ ከማለት፣ ጓደኛው አብሮት አንድ ትምህርት ሲሠራ እሳቱ ይመለስለት። ደግሞም ዜሮ ብቻ አታሳዩት። "በጠቅላላ 141 ቀን ተምረሻል" የሚለው እውነት ነው፤ አንድ ቀን ስላመለጣት ያ ዕውቀት አልጠፋም።

ስለ ኖቲፊኬሽንም አንድ ነገር ልበል። እኛ ይሉኝታ ያለን ሕዝብ ነን። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ብዙ ያስሮጠናል። ይህንን የሚያውቅ ዲዛይነር በቀላሉ ሊጠቀምብን ይችላል። "ጓደኞችሽ ሁሉ ቀድመውሻል"፣ "ጠብቀንህ ቀረህ" የሚል መልእክት ብንልክ ሰዉ ይከፍተዋል። አውቃለሁ፤ ይሠራል። ግን በኀፍረት የመጣ ሰው በኀፍረት ነው የሚሄደው። በዚህ መልእክት ፈንታ "ትናንት የተሳሳትሽው ጥያቄ ዛሬ ተራው ደርሷል" በሏት። ይህ ለእሷ የሚጠቅም ወሬ ነው።

እናንተ ፕሮግራመሮች ደግሞ ኮድ የምታስቀምጡበት ጊትሃብ ያደረገውን ታውቃላችሁ። ድሮ ገጻችሁ ላይ ሳታቋርጡ ኮድ ያስገባችሁበትን ቀን ይቆጥር ነበር። ሰዉ በበዓል ቀን፣ ታሞ፣ ለቁጥሩ ብሎ አንዲት ነጥብ ቀይሮ ያስገባ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቆጣሪውን አነሡት።  ይህን ውሳኔ በጣም አከብረዋለሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ታክሲ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ወጣቱ ሁሉ ስልኩን ታፕ ታፕ ያደርጋል። ሃምስተር ኮምባት የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ነው። በየሦስት ሰዓቱ ገብቶ የተጠራቀመውን መሰብሰብ አለበት። የዕለቱን ኮምቦ፣ ማለትም ጉርሻ የሚያስገኙትን ካርዶች፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ይፈልጋል። ካርድ ይገዛል፣ ያሳድጋል። እንደ ዲዛይን ካያችሁት ሁሉም ነገር አለው፤ ነጥብ፣ ደረጃ፣ ቀጠሮ፣ የጋራ ወሬ። ጎረቤቴ የሆነ ልጅ ሌሊት በአላርም ይነሣ ነበር። "ጋሼ፣ ኤርድሮፑ ሲመጣ ላፕቶፕ እገዛለሁ" ይለኝ ነበር፤ ኤርድሮፕ የሚለው ለተጫዋቾቹ ዲጂታል ገንዘብ መታደሉን ነው።

ኤርድሮፑ የመጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው። የደመራ ዕለት። ከደመራ ስንመለስ ሰፈር መግቢያ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የደረሰውን አሳየኝ። ለወራት እንቅልፍ የገበረበት ነገር ለሳምንት የሞባይል ካርድ የማይበቃ ነበር። ልጁ የተናደደው በገንዘቡ አልነበረም። "ያን ሁሉ ጊዜ ኮዲንግ ብማርበት ኖሮ" አለኝ። ምንም ልመልስለት አልቻልኩም።

ዕቁብን አስታውሱ። ከዕጣው ሥር ቁጠባ ነበር። እዚህ ግን ከታፑ ሥር ምንም አልነበረም።

ገንዘብ ላይ ሲሆን ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ ሮቢንሁድ የሚባል የአክሲዮን መገበያያ አፕ ነበር፤ አሁንም አለ። ሰው አክሲዮን ሲገዛ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም የወረቀት ብናኝ ይዘንብ ነበር፤ እንደ ሠርግ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የማሳቹሴትስ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ልምድ የሌለውን ሰው በጨዋታ ዘዴ እየገፋፋ ነው ብለው ከሰሱት። በመጋቢት 2021 ኩባንያው ብናኙን አነሣው። ልብ በሉ፣ ብናኙ የሚዘንበው ሰውዬው ሲያተርፍ አልነበረም። ሲገዛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየመንደሩ የተከፈቱትን የውርርድ ቤቶች ያያችሁ ሁሉ ይህ ዘዴ የት እንደሚያደርስ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። እናንተ የብድር ወይም የቁጠባ አፕ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ሰው ሲበደር አታጨብጭቡለት። ሲከፍል አጨብጭቡ።

ብዙ አወራሁ። የእህቴ ልጅ የት ደረሰች የምትሉ ካላችሁ ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንሂድ።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ገጠር ሄድን። ሦስት ቀን ኔትወርክ የለም። ስንመለስ እሳቷ ጠፍቷል። ዜሮ። ትንሽ አለቀሰች፤ አፑን ከዚያ በኋላ አልነካችውም። እኔም ዝም አልኳት። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ማድ ቤት ውስጥ እናቷ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛ ስትቆም፣ ልጅቷ ቆርቆሮውን ከእጇ ወሰደችው። ዞር ዞር አደረገችው። "ሌ አንቲዬ" ብላ አነበበች። "ማሚ፣ ይሄ እኮ ቅባቱ ያልወጣ ሙሉ ወተት ማለት ነው! ፈረንሳይኛ ነው!" ዓይኗ በራ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቆርቆሮና ካርቶን ሁሉ ታወርድ ጀመር፤ የትኛው ላይ ፈረንሳይኛ አለ እያለች።

ማታ አፑን ራሷ ከፈተችው። ቁጥሩ 1 ይላል። "አሁን ስንት ልታደርሺው ነው?" አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። የቸኮላት ካርቶን በእጇ ይዛለች። "ቆይ አጎቴ" አለችኝ፤ "አንድ ቃል አቅቶኛል።"